ኒውሮሎጂን በጎንደር ማጥናት

የጎንደር የሕክምና ትምህርት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የውስጥ ደዌ ሬዚደንቶችም (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) ከልብና ከኩላሊት ሕመም ጎን ለጎን የነርቭ ሕመሞችን ይማሩበታል። በአገሪቱ ራሱን የቻለ የኒውሮሎጂ (የአንጎልና የነርቭ ሕክምና) ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ብዙ ሬዚደንት ኒውሮሎጂን ይፈራል። የፍርሃቱ ምንጭ የበሽታ ስም በቃል ለመያዝ መጣደፍ ይመስለኛል። ትምህርቱ የሚፈታው በሁለት ጥያቄዎች ነው፤ መጀመሪያ ጉዳቱ የት ነው፣ ቀጥሎ ምንድን ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ባዶ ወረቀት ላይ የሕብለ ሰረሰርን ቁራጭ ደጋግሞ መሳልን የሚያህል ጥናት የለም። ጡት ጫፍ የ4ኛው፣ እምብርት የ10ኛው የደረት ነርቭ ክልል መሆኑን እጅ ካወቀ አይረሳም።

ከደምቢያ በዱላ ተደግፎ የመጣ ወጣት ገበሬ እናስብ። እግሮቹ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ ይራመዳል። ጉልበቱ በመዶሻ ሲመታ በኃይል ይፈናጠራል፤ ውስጥ እግሩ ሲጫር አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይቀናል። ሽንቱን ግን ይቆጣጠራል፣ ሲነካም ይሰማዋል። ሬዚደንቱ ምን ሲበላ እንደከረመ መጠየቅ አለበት። እህል በጠፋበት ዓመት ለወራት ጓያ ከበላ፣ ሕመሙ የጓያ ሽባነት ሊሆን ይችላል፤ ደምቢያና ፎገራ በዚህ ሕመም ከተጠኑ አካባቢዎች ናቸው። ይኸው አረማመድ ከጀርባ ሕመም፣ ከእምብርት በታች ከመደንዘዝና ከሽንት መታገድ ጋር ከመጣ ደግሞ ሐሳብ ወደ አከርካሪ ቲቢ ይሄዳል። የመጀመሪያው የሚመልሰው መድኃኒት የለውም፤ ሁለተኛው ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል። ልዩነቱን መጽሐፍ ይነግራል፣ የሚያስለየው ግን ምርመራው ነው።

ሌላው ፈተና ቋንቋ ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ የታማሚው ታሪክ አማርኛ ነው። «እጄ ደነዘዘ» ያለ ሰው ስሜት አጣ ወይስ ጉልበት? «እናቴ፣ ሲነኩዎት አይሰማዎትም ወይስ ማንሳት ነው ያቃተዎት?» ብሎ ያልጠየቀ የተሳሳተ መንገድ ይይዛል። የሚጥል በሽታ ሲሆን ደግሞ ዋናው ተራኪ ሲወድቅ ያየው ሰው ነው፤ ቤተሰቡ በስልክ የቀረጸው ቪዲዮ ብዙ ያስተምራል።

ለንባብ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ለማጣቀሻ፣ አንድ ቀጭን የምርመራ መመሪያ ለኪስ ይበቃል። በዓለም ጤና ድርጅት የሚመራው ሂናሪ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ ወይም በቅናሽ ያቀርባል። እንደ አንኪ ያሉ የስልክና የኮምፒውተር የመከለሻ ካርዶችም ለነርቭ ሥሮችና ለመድኃኒት መጠን ይረዳሉ። ከሁሉም የምመርጠው ግን ሲቲ ስካን ከመታየቱ በፊት የጉዳቱን ቦታ በማስታወሻ ደብተር ላይ ጽፎ፣ ምስሉ ሲመጣ ማስተያየትን ነው።