ስለ መጻሕፍቱ የሚወራውና ስናነባቸው የሚገኘው

አንዳንድ መጽሐፍ ሳይነበብ ይታወቃል። ስሙን ሁሉም ያውቃል፣ ታሪኩን ሁሉም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነግርሃል፣ አስተያየትም አለው። ሰሞኑን በተከታታይ ካነበብኳቸው ልብ ወለዶችና ግለ ታሪኮች ብዙዎቹ እንደዚህ ዓይነት ናቸው። ግማሾቹን አሁን በድጋሚ ነው ያነበብኳቸው። የሚወራው ሌላ፣ ገጹ ላይ ያለው ሌላ ሆኖ ስላገኘሁት የታዘብኩትን አንድ በአንድ ላስቀምጥ። ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር የፍቅር ታሪክ ነው»

ርዕሱ ነው ያሳሳተን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ፍለጋ የሚገልጥ ሰው ብዙ መታገሥ አለበት። መጀመሪያ ማንኩሳ ነው የምንገባው። የበዛብህን ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን እንተዋወቃለን። ልጅ እየሞተባቸው ተቸግረው፣ የተረፈላቸውን አንዱን ለቤተ ክርስቲያን ይሳላሉ። ያ ስለት ልጁን ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። እሱ አድጎ፣ ተምሮ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር ቤታቸው እስኪገባ ድረስ አገሩን፣ ሹመቱን፣ ግብሩን፣ የዘር ቆጠራውን አንድ በአንድ አይተን ጨርሰናል።

እኔ አሁን ሳነበው የገረመኝ ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። በወሬ የምናውቃቸው ጨካኝ አባት ሆነው ነው። መጽሐፉ ውስጥ ግን ያስቃሉ። ባላገሩ ከልማድ ውጪ የተጨመረበትን ግብር አልሰጥም ሲል ሠራዊት አስከትተው ይዘምታሉ፤ በገዛ ጭሰኞቻቸው ተማርከው ያርፉታል። ሐዲስ ይህን ሲጽፉ አይቸኩሉም። ሰውየው ከክብራቸው ላይ አንድ አንድ ደረጃ እየወረዱ ሲመጡ እያየን እንስቃለን፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያሳዝኑናል። በዚያ ላይ ሰው ሁሉ እብድ የሚለው ጉዱ ካሣ አለ። መጽሐፉ ውስጥ ጤነኛ ጭንቅላት ያለው እሱ ብቻ እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ገጽ አይፈጅም።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ፍቅረኞቹ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚባባሉት ነገር ይንዛዛብኛል። ሰብለ ግን ሌላ ናት። ከአባቷ ቤት ጠፍታ ፍለጋ የምትወጣው እሷ ናት። ከሁለቱ ደፋሯ ማን እንደሆነች ወሬው አይነግረንም።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። መጽሐፉን አንብቤዋለሁ ከሚለው ሰው ብዙው የሰማው ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ሲተርከው። ነውር የለውም። እንደውም ያ ድምፅ ካለፈበት በኋላ ፊታውራሪን በሌላ ድምፅ ማንበብ አይቻልም። ግን መስማትና ማንበብ አንድ አይደለም። ሰሚ የሚያስታውሰው መለያየቱንና ሞቱን ነው፤ የግብሩ ክርክር ጆሮ ላይ አይቀርም።

«ኦሮማይ የሚነበበው ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው»

በዓሉ ግርማ ኦሮማይን ያሳተመው በ1975 ነው። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ ከየካቲት 1976 ወዲህ ደግሞ ያየው የለም። ይህ ታሪክ ከባድ ስለሆነ መጽሐፉን ተጭኖታል። አንባቢው ብዕር ይዞ «ይሄ ባለሥልጣን እገሌ ነው፣ ያቺ እገሊት ናት» እያለ ጠርዙ ላይ ይጽፋል። እኔ ያነበብኩት አሮጌ ቅጂ ላይ ሦስት የተለያየ ቀለም አለ፤ ሦስቱም አይስማሙም።

ዝርዝሩን ትቶ ለሚያነበው ግን ኦሮማይ በጣም ፈጣን ልብ ወለድ ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ለከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይወርዳል። አዲስ አበባ እጮኛ አለችው፣ ሮማን። አስመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ስብሰባው፣ ሆቴሉ፣ መጠጡ፣ ሐሜቱ፣ ሁሉም በንግግር ነው የሚሄደው። በዓሉ ጋዜጠኛ ስለነበረ ሰው ሲያወራ እንዴት እንደሚያቋርጥ ያውቃል። በተለይ የስብሰባዎቹ ቦታ አንድም ቃል ሳይሰድብ በአገዛዙ ላይ ያስቃል። መጨረሻው ናቅፋ ላይ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ቀልዱ ሁሉ ይቆማል።

ፊያሜታ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ብዙ ጊዜ የምናያት በጸጋዬ ዓይን ነው፤ ውበቷን እንጂ ሐሳቧን አናገኝም። «ምርጥ የፍቅር ታሪክ» የሚሉትን አልገባኝም። ምርጥ የሆነው የጽሕፈት ቤቱና የጦርነቱ ክፍል ነው።

«ባለሥልጣን የጻፈው ግለ ታሪክ ውሸት ስለሆነ አይነበብም»

ይሄ በጣም የተለመደ ነው። «ራሱን ነጻ ለማውጣት ነው የጻፈው» ይባላል። እሺ፣ ነው እንበል። ታዲያ ራሱን ነጻ ለማውጣት የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚፈራ ይነግረናል እኮ። የመንግሥቱ ኃይለማርያምን «ትግላችን» (2004) እና የጠቅላይ ሚኒስትራቸውን የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስን «እኛና አብዮቱ» (2006) ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይጠቅማል። ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። አንዱ በሰፊው የሚያወራውን ሌላው የት ላይ እንደሚዘለው ምልክት እያደረግኩ ነው ያነበብኩት። ለታሪክ ብቻውን ምስክር የሚሆን አንዱም የለም። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ ግን ብዙ ነገር ይወጣል። አጻጻፉ ይደክማል፣ ያንን አልደብቅም። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚመስል ምዕራፍ ሞልቷል።

ተቃራኒውም ስህተት አለ፤ «እሱ እዚያ ስለነበረ የሚለው እውነት ነው» የሚለው። እዚያ መሆን ማየት ማለት አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ሲጽፉ በስደት እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ነበሩ። ዙፋን ያጣ ሰው ዓለም እንዲሰማው የጻፈው መሆኑን ረስቶ የሚያነብ ሰው ግማሹን ያጣዋል።

የባለሥልጣን ግለ ታሪክ ሁሉ ደረቅ ነው ለሚል ደግሞ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ኦቶባዮግራፊ» እሰጠዋለሁ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ጣሊያን ሊወረን ሲል ጄኔቫ ላይ ለአገራቸው የተከራከሩት ሰውዬ ናቸው። የሚጀምሩት ግን ከሕፃንነታቸው ነው። ልጅ ሆነው ከራስ መኰንን ጦር ጋር ዓድዋ ተጓዙ፤ ከዚያ ሩሲያ ተወስደው አደጉ፣ የመድፍ መኮንንነት ተማሩ። ዓድዋን በልጅ ዓይን የሚያይ ሌላ ጽሑፍ አላነበብኩም። ጄኔራል የሚያወራው ስለ ስልት ነው፤ ልጅ የሚያስታውሰው መንገዱን፣ ድካሙን፣ ከዘመዱ ተለያይቶ ሕዝብ መሐል መጥፋቱን ነው። ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ አገሩ ለተማረ ሰው እንዴት እንዳልተመቸ ምርር ብለው ይጽፋሉ። ኩሩ ናቸው፣ አንዳንዴም በጣም። ግን ኩራታቸውን አይደብቁም፤ ለዚህ ነው የማምናቸው።

«ስለ ቀይ ሽብር አንዱን ካነበብክ ሁሉንም አንብበሃል»

አይደለም። የሕይወት ተፈራን «ማማ በሰማይ» ብቻ ላንሳ። በእንግሊዝኛ በፈረንጆቹ 2012 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሰ። ደራሲዋ የኢሕአፓ አባል ነበረች፤ ስምንት ዓመት ታስራለች። የምትወደው ጌታቸው ማሩ ከድርጅቱ መሪዎች አንዱ ነበር፤ የተገደለው ደግሞ በደርግ አይደለም፣ በገዛ ድርጅቱ ነው። ስለዚህ ይሄ መጽሐፍ «እኛ ጀግና፣ እነሱ አረመኔ» ሊል አይችልም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የነበራትን ጉጉት ሳታፍርበት ትጽፈዋለች፤ ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ ባገኘችው ብልሃት ያንን ልጅነት አትቀጣውም። ከብዙዎቹ የትግል ትዝታዎች የተለየችበት እዚህ ላይ ነው። እስር ቤት ያለው ክፍል ረዘም ይላል፣ ግን አንድም ገጽ አልዘለልኩም።

«አዳም ረታ ለምሁር ብቻ ነው»

የሚከብዱ መጻሕፍት አሉት፣ አዎ። ከግርጌ ማስታወሻ ጀምሮ ታሪክ ውስጥ ታሪክ እየከፈተ ይሄዳል። «ሕጽናዊነት» ብሎ የሰየመው ይሄ አጻጻፍ ከእንጀራ የተወሰደ ሐሳብ ነው፤ ሁሉ ነገር ከሁሉ ነገር ጋር ይያያዛል። ግን ሰውየው የሚጽፈው ስለ ምንድነው? ስለ ሰፈር፣ ስለ ኪዮስክ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ጎረቤት። ርዕሶቹን ብቻ እዩ፦ «አለንጋና ምስር»፣ «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»፣ «ከሰማይ የወረደ ፍርፍር»፣ «መረቅ»። ይሄ ምሁር የሚያስፈራራበት ነገር ነው እንዴ?

ችግሩ የምንጀምርበት ቦታ ነው። ሰው «ትልቁን ስጠኝ» ብሎ በወፍራሙ ይጀምርና መቶኛው ገጽ ላይ ይተወዋል። በ1981 በወጣው «ማህሌት» ባሉት አጫጭር ታሪኮች ጀምሩ። ከዚያ «ግራጫ ቃጭሎች»። «መረቅ» ይቆይ። እኔም «መረቅ»ን ሁለት ጊዜ አቋርጬ ነው የጨረስኩት፤ አንዳንዱ ቦታ ቢያጥር ይሻለው ነበር ብዬም አስባለሁ።

«ዴርቶጋዳ ተራ መጽሐፍ ነው»

የይስማዕከ ወርቁን መጽሐፍ ማንቋሸሽ የአንባቢነት ማስመስከሪያ ሆኗል። ገዳምና የጠፈር ሳይንስ አንድ ላይ የተደባለቀበት ነው፤ ሳይንሱ አያሳምንም፣ ገጸ ባሕርያቱም ንግግራቸው ይመሳሰላል። ግን በ2001 ሲወጣ መጽሐፍ ይዞ የማያውቅ ልጅ ታክሲ ውስጥ ይዞት ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወደ ሌላ የተሻገሩ ብዙ አውቃለሁ። በቃ።

«ውጭ ያሉት የሚጽፉት ለፈረንጅ ነው»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የሚሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ መጽሐፎቹን አላነበቡም። በእንግሊዝኛ መጻፋቸው ብቻ ይበቃል።

የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በፈረንጆቹ 2019 ወጥቶ በማግስቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ እጩ ሆኗል። የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ሂሩት የምትባል የቤት ሠራተኛ አለች፤ ከአባቷ የቀረላት አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ነው። ጦርነት ሲመጣ ጌታዋ ኪዳኔ ይወስድባታል። መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ከዚያች ጠመንጃ ይወጣል ብል አላጋነንኩም። ሴት ስንቅ ትሸከማለች፣ ቁስለኛ ታነሳለች፤ ጠመንጃው ግን የወንድ ነው። ሂሩት ጠላት ጣሊያን ብቻ አለመሆኑን ቤት ውስጥ ነው የተማረችው። ይሄንን ለፈረንጅ ብቻ የሚጽፍ ሰው ቀለል አድርጎ ያልፈው ነበር፤ መዓዛ ግን አርበኛውን ጌታ አታባብለውም። እኛን ነው የሚያስቆጣው፤ እኛን ከሆነ ደግሞ እየተናገረች ያለችው ከእኛ ጋር ነው። ከዚያ ሚንም የሚባል ንጉሡን የሚመስል ባላገር ይገኛል፤ ንጉሡ በተሰደዱበት ሰዓት ሕዝቡ እንዳይፈታ እሱን ንጉሥ አድርገው ኮረብታ ላይ ያሳዩታል። ደራሲዋ የገዛ ቅድመ አያቷ ጠመንጃ ይዛ መዝመቷን የሰማችው መጽሐፉን እየሠራች ሳለ ነው፤ ለጠመንጃው ከአባቷ ጋር ተሟግታ የረታች ሴት ናት።

የማልወደው ነገር አለ? አለ። ንጉሡ ኦፔራ እያዳመጡ የሚተክዙበት ክፍል ታሪኩን ያቆመዋል። በየመሐሉ የሚገባው የኅብረት ድምፅም መጀመሪያ ያምራል፣ በኋላ ይደጋገማል።

የዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልብ ወለድ (በፈረንጆቹ 2007) ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ሰፋ እስጢፋኖስ ሎጋን ሰርክል አጠገብ ገበያ የሌለው ትንሽ ሱቅ አለው። ዘመዶቻችን ዲሲ ስላሉ ክትፎ ቤቱንና ማኅበሩን የሚጠብቅ አንባቢ ቅር ይለዋል። አጎቱ ሐበሻ በሞላበት ሕንፃ ውስጥ ይኖራል፤ ሰፋ ግን ከዚያ የወጣ ብቸኛ ሰው ነው። ጓደኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከኮንጎ፣ አንዱ ከኬንያ። ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። አንዱ የአፍሪካ አምባገነን ስም ይጠራል፤ ሌሎቹ አገሩንና መፈንቅለ መንግሥቱ የተካሄደበትን ዓመት ይመልሳሉ። እየጠጡ፣ እየሳቁ። ጨዋታው አያልቅም፤ ሁልጊዜ አዲስ ስም ይገኛል። ስደትን በዚህ መንገድ ያሳየኝ ሌላ መጽሐፍ የለም። እንባ የለውም፣ «አገሬ» የሚል ዘፈን የለውም። ለፈረንጅ የተጻፈ ቢሆን እንባው በበዛ ነበር።

«ትርጉም ሥራ አይደለም»

የነቢይ መኰንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» የማርጋሬት ሚቼል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ትርጉም ነው። የተተረጎመው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ውስጥ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ይህን ያህል ወፍራም መጽሐፍ። ስለ ታሪኩ ራሱ ብዙ የምነቅፈው አለኝ፤ ባርነትን በጌቶቹ ዓይን አይቶ ያለዝበዋል፣ ይሄ ደግሞ የሚቼል ዕዳ ነው። አማርኛው ላይ ግን የምነቅፈው አጣሁ። ስካርሌት ስትቆጣ የእኛ ሰፈር ሴት ወይዘሮ ነው የምትመስለው።