መድረክ ላይ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ የሚዋጠው ኪኒን
ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፕሮፕራኖሎል፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚታዘዙ ናቸው። ሰው ሲፈራ ወይም ሲደነግጥ ሰውነቱ የሚያመነጨው አድሬናሊን በልብ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ስለሚገቱ ትርታው ይረጋጋል፣ የእጅ መንቀጥቀጥም ጋብ ይላል። በዒላማ ተኩስ ውድድር የተከለከሉት ለዚሁ ነው፤ በሙዚቃ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። ችሎታ አይጨምሩም፤ አምባሰልን በቅጡ ያላጠና የደሴ ማሲንቆ ተጫዋች ኪኒን ስለዋጠ ቅኝቱን አያገኘውም።

ጫትም ያው ነው የሚሉ አሉ። ፈጽሞ አይደለም! በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ትርታንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ደጋን የያዘው እጅ ይብሱን ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

እባካችሁ፣ ፕሮፕራኖሎልን ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡ። አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ አጥብቦ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይመርምራችሁ።