ስለ አሮጌ የጓሮ ትራክተር የሚነገሩ ስህተቶች፣ ከጎንደር ማሳ

ጎንደር ዙሪያ አንድ ሰው አሮጌ ትንሽ ትራክተር ሲገዛ መካሪው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዕድሜውን በእርፍ ያሳለፈ ገበሬ ነው፤ ማሽኑን የማይደክም በሬ አድርጎ ያየዋል። ሌላው የመኪና መካኒክ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ትንሽ መኪና ነው። ሁለቱም በሙያቸው አዋቂ ናቸው፣ ምክራቸው ግን ለዚህ ማሽን ሲሆን ብዙ ጊዜ ይስታል። ከታች ያሉት አባባሎች ከሁለቱ የሰማኋቸው ናቸው። የማወራው እጀታውን ይዘው ከኋላው እየተራመዱ ስለሚያርሱበት ባለ ሁለት ጎማ፣ ተቀምጠውበት ስለሚነዱት አነስተኛ ባለ አራት ጎማም ነው።

«8 የፈረስ ጉልበት ካለው ምን ያቅተዋል?»

ጥንድ በሬ ሲያርስ የሚያወጣው ጉልበት ከ1 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ባለ 8 ፈረሱ የስምንት ጥማድ ሥራ ይሠራል ብሎ መጠበቅ አያስገርምም። ማሳው ላይ ግን ሞተሩ እያጓራ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። በሬ መሬቱን በሰኮናው ቆንጥጦ ይጎትታል፤ ጎማ የሚጎትተው ላዩ ላይ ባረፈው ክብደት ልክ ነው። መጀመሪያ የሚጨመረውም ጉልበት ሳይሆን ክብደት ነው፦ በጎማው ላይ የሚታሰር ብረት፣ ወይም የጎማውን ሦስት አራተኛ ያህል የሚሞላ ውሃ።

ጎሚስታው እንደ መኪና ጎማ ድርቅ አድርጎ ከነፋው ደግሞ መሬት የሚነካው ክፍል ይጠባል፤ አያያዙም ይቀንሳል። የእነዚህ ማሽኖች የኋላ ጎማ ለእርሻ የሚፈልገው አየር ከመኪና ጎማ እጅግ ያነሰ ነው። የጥርሱ አቅጣጫም ይታይ፤ ከኋላ ቆሞ ለሚያየው ሰው የጥርሶቹ ሹል ወደ ላይ ማመልከት አለበት። ተገልብጦ የተገጠመ ጎማ ጭቃውን አይተፋም፣ በራሱ ላይ ይለስናል።

ሌላው ከፍታው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ስለዚህ 8 ፈረስ የሚል የተጻፈበት እዚህ ስድስት ተኩል ቢሆን ነው። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። እዚህ ላይ አሮጌው ከአዲሱ ይሻላል። ብዙዎቹ የድሮ ካርቡራተሮች የቤንዚኑን መጠን የሚያስተካክል ብሎን አላቸው፤ በአዳዲሶቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ብሎኑን ቀስ እያሉ እስኪያንገጫግጨው ማጥበቅ፣ ከዚያ በሌላው በኩል እስኪያንገጫግጨው ማላላት፣ በመጨረሻም መሐሉ ላይ ማቆም ነው። ማሽኑን ጭኖ ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ግን እዚያ እንደ ደረሰ እንደገና ማስተካከል ይኖርበታል። ካልሆነ በቆላው አየር ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

«ዝናቡ በደንብ ካራሰው በኋላ ነው የሚታረስ»

ይህ የበሬ ዕውቀት ነው፣ ለበሬም ልክ ነው። የደምቢያ ዋልካ፣ ጥቁሩ ሸክላማ አፈር፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ድንጋይ ይሆናል፤ የበሬ ማረሻ ሊነካው አይችልም። ስለዚህ ገበሬው ዝናብ ይጠብቃል። ጠባቧ የማረሻ ጫፍ እርጥቡን አፈር ሰንጥቃ ታልፋለች፤ ብዙ አትጎዳውም። ትራክተር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ጎማው እርጥቡን ዋልካ ይጠቀጥቀዋል። ገልባጩ ማረሻ ደግሞ አፈሩን ሳይፈረፍር የሚያብለጨልጭ ገበታ አድርጎ ያስተኛዋል። ያ ገበታ ሲደርቅ ሸክላ ነው። የሚሽከረከር የአፈር መፍጫ ቢላዋ ከሆነ ይብሳል፤ ላዩን አልሞ ሥሩን ይለስነዋል፣ የሽንኩርቱ ሥርም እዚያ ሲደርስ ይመለሳል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት ጭብጥ አፈር ማውጣትና በመዳፍ ማሸት። እንደ ክር ከተድቦለቦለ ገና ነው፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከተፈረፈረ ማስነሳት ይቻላል። በዋልካ ላይ ይህ ጊዜ አጭር ነው፤ አንዳንዴ ጥቂት ቀን ብቻ። በክረምቱ መውጫ በተረፈው እርጥበት ሽምብራ የሚዘራ ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ቢጠብቅ እርጥበቱም ያመልጠዋል። ለዚህ ነው ማሽኑ ከመስከረም በፊት ተፈትሾ ዝግጁ መሆን ያለበት። ማሳው ሲደርስ ካርቡራተር መፍታት የጀመረ ሰው ዘንድሮን በበሬ ነው የሚያርሰው።

«ፎገራ ላይ እኮ በውሃ ውስጥ ነው የሚታረሰው» የሚል አይጠፋም። ፎገራ የሩዝ አገር ነው። ለሩዝ እርጥቡን አፈር ማላቆጥ የሚጠቅመው ውሃው ወደ ታች እንዳይሰርግ ስለሚያደርግ ነው፤ ያው ነገር ለሽንኩርትና ለሽምብራ ጥፋት ነው።

«በጥልቀት አንዴ ከገለበጠው በቃ»

የእኛ ማረሻ አፈር ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ጤፍ የሚዘራ ሰው መሬቱን ሦስት አራት ጊዜ፣ ከዚያም በላይ የሚያመላልሰው በዚህ ነው። ትራክተሩ አንዴ ሲገለብጥ ያየ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ገልባጩ አረሙን ይቀብራል፣ መልካም ነው፤ የሚተወው ግን ጓል ነው። የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በጓል መካከል ከወደቀች ትጠፋለች። ስለዚህ ከግልበጣው በኋላ ማለስለሱ አይቀርም። በበሬ ማለስለስ እንኳ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ትንሽ ማሳ ላይ ትራክተርና ጥማድ ተከፋፍለው ቢሠሩ ደስ ይለኛል።

ጥልቀቱን በተመለከተ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ትንሽ ገልባጭ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከዚያ ሲያልፍ ሸክሙ ይከብዳል፣ ከሥር ያለው ያልበሰለ አፈርም ወደ ላይ ይወጣል።

«እንፋሎት ካወጣ ሞተሩ ተቃጥሏል»

ይህ የመካኒኮች ነው። መኪና ላይ ውሃ ፈላ ማለት አደጋ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር የቻይና ናፍታ ሞተሮች ብዙዎቹ ግን ሲሠሩ ውሃቸው እንዲፈላ ተደርገው ነው የተሠሩት። ለምሳሌ ኤስ 195 የሚባለው 12 ፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ነው፤ ስሙ ውስጥ ያለው 1 አንድ ሲሊንደር፣ 95 ደግሞ የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ከላዩ ያለው ገንዳ ውሃው እየተነነ ሙቀቱን ይዞ እንዲሄድ ነው። እንፋሎቱ ጤንነት ነው፤ በሽታው የውሃው ማለቅ ነው። ስለዚህ ደረጃውን እያዩ መጨመር። የጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ የመገጭ ወንዝ ውሃ በባልዲ የሚደፋ ግን ሲሊንደሩን ሊሰነጥቀው ይችላል። አንዳንዱ ይህን ሞተር ራዲያተር ሊገጥምለት ጋራዥ ይወስደዋል፤ ገንዘቡን ለናፍታ ቢያውለው ይሻላል።

«ብሎኑ ሁልጊዜ ይሰበራል፣ ጠንካራ ግጠምለት»

የለም። አንዳንድ ማረሻና የአፈር መፍጫ ላይ አንድ ለስላሳ ብሎን አለ፤ ሥራው መሰበር ነው። የጎንደር ደጋ መሬት ድንጋያማ ነው። ማረሻው የተቀበረ ድንጋይ ሲመታ አንድ ነገር መሰበር አለበት፤ ወይ ብሎኑ፣ ወይ ማርሹ። የማይሰበር ብሎን የገጠመ ሰው ድንጋዩን ማርሽ ሳጥኑ እንዲመታው ፈቅዷል። አምስት ለስላሳ ብሎን በኪስ ይዞ መውጣት ነው እንጂ መፍትሔው ሌላ አይደለም።

ስለ ዘይትና ስለ እሳት፣ ባጭሩ

ዘይት ሲበዛ ይሻላል የሚሉ አሉ። ካለ ልክ የተሞላ ዘይት አረፋ ይሆናል፣ ይጨሳል፣ በማገጃ ጎማዎቹም ይወጣል። በብዙዎቹ አሮጌ ትንንሽ ሞተሮች ዘይቱን የሚረጨው በውስጥ የሚሽከረከር ማንኪያ ስለሆነ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ረጅም ጊዜ ማሠራትም አደጋ አለው፤ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ማንኪያው ባዶ ይቀራል። የአየር ማጣሪያው ዘይት ያለበት ዓይነት ከሆነ በአቧራው ወራት በየሥራ ቀኑ ይከፈት፤ ከሥሩ የተጠራቀመውን ጭቃ አይተው ያምናሉ። የካንዴላው እሳት ጠፋ ሲባል ደግሞ ወዲያው ቦቢና (ብልጭታውን የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ) አይገዛ። የድሮ ማሽን ሲቀመጥ ብልጭታውን የሚቆርጡት ሁለት የብረት ጫፎች ይዝጋሉ፤ በስስ የብርጭቆ ወረቀት ተጠርገው ክፍተታቸው በብዙዎቹ 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደረግ እሳቱ ይመለሳል።

«አሮጌ ነው፣ መለዋወጫ የለውም»

በሞተር የሚሄድ የጓሮ ማረሻ አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ቤንጃሚን ግሬቭሊ የራሱን በ1916 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አውጥቶበታል፤ የጃፓኑ ኩባንያ ኩቦታም በ1947 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሠርቷል። የእነዚያ ዘመን ልጆች ሊያረጁ ይችላሉ፣ ግን ብዙው ዕቃቸው የማንም ነው። ኩሽኔታው ጎኑ ላይ ቁጥር አለው፦ 6204 ከሆነ በየትም አገር 20 በ47 በ14 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6205 ደግሞ 25 በ52 በ15። ቁጥሩን ጽፎ ከመኪና ዕቃ ሱቅ መጠየቅ እንጂ የትራክተሩን ስም መጥራት አያስፈልግም። ቺንጊያውም እንዲሁ፤ ኤ የሚባለው 13፣ ቢ የሚባለው 17 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። በእውነት የሚቸግረው ማርሽና የሞተር አካል ነው፤ ስለዚህ ሲገዙ ቀለሙን ትቶ ማርሽ ሳጥኑን ማዳመጥ፣ ዘይቱን አውጥቶ የብረት ፍርፋሪ መፈለግ ነው።

«ጉቶ ለመንቀል ሰንሰለቱን ከፍ አድርገህ እሰር»

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሰንሰለቱ ከኋላ ጎማ መሐል በላይ ከታሰረ ትራክተሩ ጉቶውን አይነቅልም፤ ፊቱ ተነስቶ ነጂው ላይ ይገለበጣል፤ ለመዝለል ጊዜ የለም። የሚታሰረው ዝቅ ብሎ፣ በተሠራለት መጎተቻ ብቻ ነው። ባለ ሁለት ጎማው ላይ ደግሞ የሚፈጨው ቢላዋ እየዞረ ወደ ኋላ ማርሽ አይገባም፤ ከኋላው የሚቆመው እግር የነጂው ነው።