የልቀት ግብ ምንድን ነው? «ከምኑ ላይ ነው የሚቀነሰው?»

ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ወደ ከዚራ በባጃጅ እየሄድኩ ነበር። ሬዲዮው ኢትዮጵያ ልቀቷን በ68.8 በመቶ ልትቀንስ ነው አለ። ሹፌሩ ዞር ብሎ «አቦ፣ ከምኑ ላይ ነው የሚቀነሰው?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። መንገዱ አጭር ስለነበር መልሱን አልጨረስኩለትም፣ እዚህ ልጨርሰው።

የልቀት ግብ ማለት መንግሥት «በዚህ ዓመት ወደ አየር የምንለቀው በካይ ጋዝ ከዚህ አይበልጥም» ብሎ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። መነሻው ካልተነገረ ግን ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2030 ቢያንስ 55 በመቶ እቀንሳለሁ ሲል ከ1990 ልቀቱ ላይ ነው። ያለፈ፣ የተለካ ዓመት ነው። ኢትዮጵያ በፓሪስ ስምምነት መሠረት በ2021 ባቀረበችው ዕቅድ ግን መነሻው ገና ያልመጣ ዓመት ነው። ምንም ካልተደረገ በ2030 ልቀቱ 403.5 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል፣ እኛ 125.8 ላይ እናቆመዋለን ነው ነገሩ።

ሌላም አለ። ከ68.8 በመቶው ውስጥ በራሳችን አቅም እንሠራዋለን የተባለው 14ቱ ብቻ ነው። ቀሪው የውጭ ድጋፍ ከተገኘ ነው።

በጫት ወጪ እንየው። አንድ ሰው ዛሬ በወር 2,500 ብር ያወጣል እንበል። በዚሁ ከቀጠለ ከዓመታት በኋላ 4,000 ይደርሳል። ከ4,000ው ላይ 14 በመቶ ቢቀንስ 3,440 ይሆናል። ቀንሷል፣ ግን ዛሬ ከሚያወጣው በላይ ነው። የአገራችንም ሂሳብ እንደዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ልቀታችን 247 ሚሊዮን ቶን ነበር፣ በራስ አቅም ብቻ ከሄድን በ2030 ወደ 347 ነው። ገና መንገድና ቤት እየሠራ ላለ አገር ይሄ ነውር አይደለም። ሬዲዮው ግን ሁለቱንም ቁጥር መናገር ነበረበት።

በምርት የሚለካ ግብም አለ፤ ለአንድ ኩንታል ምርት የሚወጣውን ጋዝ ነው የሚቆጥረው። ድሬ ስሚንቶ ስታመርት የኖረች ከተማ ስለሆነች ይሄ ይገባናል። የኖራ ድንጋይ በምድጃ ሲጋገር ጋዙ ከማገዶው ብቻ ሳይሆን ከድንጋዩ ከራሱም ይወጣል፣ እንዲያውም የሚበዛው የድንጋዩ ነው። ፒፒሲ የምንለው ስሚንቶ የእሳተ ገሞራ አመድ ስለሚቀላቀልበት የተጋገረው ድንጋይ ያንሳል፣ ስለዚህ በኩንታል የሚወጣው ጋዝ አመድ ከማይቀላቀልበት ከኦፒሲ ስሚንቶ ያንሳል። ግን በኩንታል ቢቀንስም ምርቱ እጥፍ ከሆነ ድምሩ ይጨምራል።

የባጃጁ ጭስስ? ከአገሪቱ ልቀት ትልቁ ድርሻ ከከብትና ከእርሻ፣ ከደን ጭፍጨፋም ነው የሚመጣው። ሹፌሩን የሚያሳስለው ጭስ ግን በሌላ ግብ ነው የሚለካው። ያ ግብ ቶን አይቆጥርም፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለውን ደቃቅ ብናኝ ነው የሚቆጥረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የዓመቱን አማካይ ጣሪያ ከ10 ማይክሮ ግራም ወደ 5 አውርዶታል። ቀኑን ሙሉ ከከባድ መኪና ኋላ ለሚነዳ ሰው ከ403.5 ይልቅ ይሄኛው ቁጥር ነው የሚቀርበው።