ቲዲፒ ምንድን ነው? የሚኒ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ለመቀየር ላሰበ ሰው

ሚኒ ኮምፒውተሩ ላይ የተሻለ ፕሮሰሰር መግጠም የፈለገ ሰው ምክር በጠየቀ ቁጥር አንድ መልስ አይጠፋም፤ «ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚገጠምበት መቀመጫ) አንድ ነው፣ ቲዲፒውም 65 ዋት ብቻ ነው፤ ከ65 ዋት በላይ ስለማይወስድ የ90 ዋት አዳፕተርህ ይበቃዋል፤ ግጠመው» የሚል። ይህንኑ ምክር ሰሞኑን እንደገና ሳነበው፣ መልስ ሰጪው በቅንነት እንደጻፈው ባልጠራጠርም፣ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ቲዲፒ ፕሮሰሰሩ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ጣሪያ አይደለም፤ ሆኖም አያውቅም።

«ቴርማል ዲዛይን ፓወር» የተባለው ይህ ቁጥር የሚናገረው ከማቀዝቀዣ ሠሪው ጋር ነው። ፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል በቁጥሩ የሚለው፣ ፕሮሰሰሩ በመነሻ ፍጥነቱ ከባድ ሥራ ላይ ሳያቋርጥ ሲቆይ ይህን ያህል ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ ቢያንስ ይህን የሚያስወግድ ማቀዝቀዣ አዘጋጁለት ነው። ሌላው አምራች ኤኤምዲ ደግሞ ቁጥሩን የሚያወጣው በፕሮሰሰሩ ክዳንና በአካባቢው አየር መካከል ያለውን የሙቀት ደረጃ ልዩነት ለማቀዝቀዣው የሙቀት መቋቋም (ሙቀት በእሱ በኩል እንዳይወጣ ለሚያግደው መጠን) በማካፈል ነው፤ በስሌቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍጆታ የሚባል ነገር አይገባም። ለዚህም ነው ኤኤም4 በተባለው የኤኤምዲ ሶኬት ላይ 65 ዋት የተባለ ፕሮሰሰር እስከ 88 ዋት፣ 105 ዋት የተባለውም እስከ 142 ዋት ከሶኬቱ እንዲስብ የሚፈቀድለት።

ከሥሩ ቀዳዳ ያለው በርሜል ከቧንቧ ሥር ተቀምጧል እንበል። ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ ፕሮሰሰሩ የሚያመነጨው ሙቀት ነው፤ ቀዳዳው ማቀዝቀዣው ነው፤ በበርሜሉ ውስጥ ያለው የውኃ ከፍታ ደግሞ የሙቀት ደረጃው ነው። ቲዲፒ የሚነግረን ቀዳዳው ቢያንስ ምን ያህል መስፋት እንዳለበት እንጂ፣ ቧንቧው እስከ መጨረሻው ሲከፈት ምን ያህል እንደሚለቅ አይደለም። ቧንቧው ለአጭር ጊዜ ከቀዳዳው አቅም በላይ ቢለቅ በርሜሉ ወዲያውኑ አይሞላም፤ ፕሮሰሰሩን ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ የሚያስሮጠው፣ ቱርቦ የሚባለው አሠራር የሚጠቀመውም ይህንኑ ፋታ ነው። የኢንቴል ኮር አይ7-10700 ፕሮሰሰር ቲዲፒው 65 ዋት፣ የመነሻ ፍጥነቱ 2.9 ጊጋኸርዝ ነው፤ ነገር ግን የኢንቴል ምክረ ሐሳብ ለ28 ሰከንድ ያህል እስከ 224 ዋት እንዲስብ ይፈቅድለታል። ለትንንሽ ኮምፒውተሮች የታሰበው አይ7-10700ቲ እንኳ 35 ዋት ተብሎ እስከ 123 ዋት ሊደርስ ይችላል። እነዚህ ገደቦች ምክረ ሐሳብ ብቻ መሆናቸውንም ልብ ማለት ያሻል፤ የማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) አምራቾች በባዮስ (ኮምፒውተሩን በሚያስነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጓቸዋል።

ኢንቴል ራሱ በ2021 ከወጣው 12ኛው ትውልድ ጀምሮ ይህን ስም ትቶ ሁለት ቁጥሮችን ለየብቻ መጻፍ ጀምሯል፤ ለአይ7-12700 የመነሻው ኃይል 65 ዋት፣ ከፍተኛው የቱርቦ ኃይል 180 ዋት ነው። ሁለተኛው ቁጥር በግልጽ ተጽፎ ሳለ የመጀመሪያውን ብቻ እየጠቀሱ መምከር ይቅርታ የሚደረግለት አይመስለኝም።

አንድ ሊትር ገደማ ይዘት ያለውን ሚኒ ኮምፒውተር ከፍቶ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ መዳፍ የማይሞላ ሂት ሲንክ (ሙቀቱን ተቀብሎ የሚያስወግድ ባለክንፍ ብረት) እና አንዲት ስስ ፋን ናቸው ያሉት። በርሜሉም ቀዳዳውም ትንሽ ነው። በተዘጋ መደርደሪያ ውስጥ ሲቀመጥ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ስለሚስብ ደግሞ፣ ቀዳዳው የሚያፈሰው ቀድሞውኑ ውኃ ወደሞላበት ገንዳ እንደሆነ ቁጠሩት። በሂት ሲንኩ ክንፎች መካከል የሚጋገረው አቧራና የደረቀ ቴርማል ፔስትም (በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ቀዳዳውን ያጠቡታል።

አዳፕተሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የተሳሳተው ምክር ሰውን የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። እሱ ለቧንቧው ውኃ የሚያመጣው መስመር ስለሆነ፣ በርሜሉ የሚሰጠውን ዓይነት የሰከንዶች ፋታ አይሰጥም። 90 ዋቱ የፕሮሰሰሩ ብቻም አይደለም፤ ራሙ፣ ኤስኤስዲው፣ በዩኤስቢ የተሰኩት ዕቃዎችና በማዘርቦርዱ ላይ ቮልቴጅ ሲቀየር የሚባክነው ኃይል ሁሉ ይካፈሉታል። ፕሮሰሰሩ በድንገት ከዚህ በላይ ሲጠይቅ፣ ባዮሱ የኃይል ገደብ ካላበጀለት፣ ማሽኑ ድርግም ብሎ ሊጠፋ ይችላል።

«እኔ ለ35 ዋት በተሠራው ላይ የ65 ዋቱን ገጥሜ ይሠራልኛል» የሚል ሰው ውሸት አልተናገረም። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ፍጥነቱን ቀንሶ ራሱን ያቀዘቅዛል እንጂ አይቃጠልም፤ ቧንቧው ራሱን በራሱ ይዘጋል። ነገር ግን ያ ሰው ፍጥነቱን የለካው ሙከራው በተጀመረበት የመጀመሪያ ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከሆነ፣ ያየው በርሜሉ እስኪሞላ ያለውን ጊዜ ብቻ ነው።

ሶኬት አንድ መሆኑም በራሱ ዋስትና አይሆንም። ኤልጂኤ1151 የሚለውን የሶኬት ስም የኢንቴል 6ኛና 7ኛ ትውልድ ከ8ኛና 9ኛ ትውልድ ጋር ይጋሩታል፤ ሆኖም ለቀደሙት የተሠራ ማዘርቦርድ የኋለኞቹን በይፋ አይቀበልም። የኮምፒውተሩ አምራች ለዚያው ሞዴል ያወጣውን የፕሮሰሰር ዝርዝር ማየት ይህን ጥያቄ ይዘጋዋል። አንዳንድ ሚኒ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ መቀየር የሚባል ነገር የለም።

እንግዲህ ከመግዛት በፊት የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ የቱርቦ ኃይል ፈልጉ፤ ከዚያ አዳፕተሩን ገልብጡና ጽሑፉን አንብቡ። 19.5 ቮልትና 4.62 አምፔር የሚል ከሆነ ሲባዛ 90 ዋት ነው፤ 3.34 አምፔር ከሆነ ደግሞ 65 ዋት ብቻ ነው። ከገጠማችሁ በኋላም ሁሉንም ኮሮች (የፕሮሰሰሩን የሥራ ክፍሎች) የሚያሠራ ከባድ ሥራ ስጡትና ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ ተዉት፤ የምትመዘግቡት ፍጥነት በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የታየውን ይሁን።