«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፦ ተረቱና የኮምቦ ጌሞች

ይህን ተረት የማያውቅ የለም። ተጣድፎ ላገባ ይነገራል። ሳያጠና ንግድ ለጀመረም ይነገራል። በጥድፊያ የተያዘ ነገር በጥድፊያ ይበተናል ለማለት ነው።

መነሻው ከድሮው አለባበስ ነው። ወንዱ ወገቡን በድግ ያስራል፣ ሴቷ በመቀነት። ሁለቱም ረጅም ጨርቅ ናቸው። የሚታጠቁት ቆም ብሎ፣ ጠበቅ አድርጎ፣ ጫፉን ወሽቆ ነው። እየሮጠ የጠመጠመ ሰው ይላላበታል። የሚፈታበት ደግሞ ቤቱ ገብቶ አረፍ ሲል አይደለም። እዚያው ሩጫው ላይ፣ እግሩ በሚፈጥንበት ሰዓት ነው። እንግዲህ ተረቱ ሩጫን አልነቀፈም። አስቀድሞ ታጥቆ የሮጠውን ማንም አልተናገረውም። ተረቱን ቀርፋፋ ለመሆን ሰበብ የሚያደርጉት ሰዎች ይህን ይዘሉታል።

ከሰርግና ከንግድ ይልቅ ተረቱን በደንብ ያሳየኝ ጌም ነው ብል ይሳቅብኝ ይሆናል። ግን በሰይፍና በሽጉጥ የሚፋለሙባቸውን እነ ዴቪል ሜይ ክራይን የሞከረ ይገባዋል። እዚህ ጠላት መግደል ብቻውን አያኮራም። የሚታየው አገዳደሉ ነው። ጌሙ ከዝቅተኛው ዲ እስከ ከፍተኛው ኤስ ማዕረግ ይሰጣል፤ በኋላ የወጡት እስከ ሦስት ኤስ ደርሰዋል። ጠላትን በሰይፍ ወደ ላይ ማንሳት፣ አየር ላይ እንዳለ በሽጉጥ ማቆየት፣ ሳይወድቅ ሌላ ምት ማስከተል። እንዲህ የተያያዘ ምት ኮምቦ ይባላል። አንዱን ምት የደጋገመ ነጥቡ ይቀዘቅዝበታል። የተመታ ማዕረጉ ይወርዳል። ከሦስተኛው ጌም ወዲህ ደግሞ ጠላት ፊት ቆሞ መፎከርም ያስቆጥራል። ቀረርቶና ፉከራ ሰምቶ ላደገ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም!

ጀማሪ ጆይስቲኩን ይዞ ቁልፉን ዝም ብሎ ይቀጠቅጣል። እየሮጠ እየታጠቀ ነው። ሁለት ሦስት ምት ያምርለታል፣ ከዚያ ከጎን አንድ ጠላት ይመጣና ሁሉም ይበተናል። የለመደው ግን መቼ እጁን እንደሚያሳርፍ ያውቃል። በዴቪል ሜይ ክራይ ዋና ገጸ ባህሪ በዳንቴ ሰይፍ አንዳንዱ ኮምቦ የሚወጣው በምቶቹ መሃል ትንሽ ቆም ላለ ብቻ ነው። ሳያቋርጥ የመታ ሌላ ኮምቦ ነው የሚያገኘው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ቤዮኔታ የሚባለው ሌላ ጌም ደግሞ ብሶበታል። ተረጋግቶ ጠላት ሊመታው ሲል በመጨረሻዋ ቅጽበት ያመለጠ ተጫዋች ጊዜው ራሱ ይንቀራፈፍለታል። ሲያመልጥ የማጥቂያውን ቁልፍ ሳይለቅ ከያዘ ኮምቦው አይቋረጥም፣ ካቆመበት ይቀጥላል። እየሮጠም የማይፈታ ትጥቅ ማለት ይሄ ነው።

የጌሞቹ አሠራር ታሪክም ከተረቱ አይርቅም። የመጀመሪያው ዴቪል ሜይ ክራይ እ.ኤ.አ. በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ። አዘጋጁ ሂዴኪ ካሚያ ነው፣ ካፕኮም በሚባለው የጃፓን ጌም ሠሪ ኩባንያ ውስጥ። ሥራው የተጀመረው ሬዚደንት ኢቭል የሚባለው አስፈሪ ጌም አራተኛ ክፍል ሊሆን ነበር። ከሬዚደንት መንፈስ በጣም ስለራቀ ራሱን የቻለ ጌም ሆነ። ጠላትን አየር ላይ ማንገላታቱ ደግሞ የመጣው ኦኒሙሻ በሚባል ሌላ የካፕኮም ጌም ላይ ከታየ ብልሽት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አስተካክሎት ያልፍ ነበር። እነሱ ቆም ብለው አዩትና የጌሙ ምሰሶ አደረጉት።

በ2003 የወጣው ሁለተኛው ግን እየሮጡ የታጠቁት ነው። ሂዴአኪ ኢትሱኖ የሚባል ሌላ አዘጋጅ የተጠራው ሥራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ የተበላሸውን እንዲያተርፍ ነበር። በቀሩት ወራት ምን ያህል ይጠገናል? ጌሙ ወጣ፣ እስከ ዛሬም ከተከታታዮቹ ደካማው ይባላል። ኢትሱኖ ሦስተኛውን ከመነሻው ጀምሮ ያዘ። በ2005 ሲወጣ ተጫዋቹ ለራሱ የውጊያ ስልት የሚመርጥበት ጌም ሆኖ መጣ። ብዙዎች አሁንም ከምርጦቹ ይቆጥሩታል። ያው ሰው ነው፣ የተለየው የታጠቀበት ሰዓት ነው።

ይህን ተረት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ከሚለው ጋር አንድ የሚያደርጉት አሉ። እኔ አልስማማም። ያቺኛዋ ቢያንስ መልቀሚያ ጊዜ አላት። ኮምቦውን ጌሙ ራሱ እያቀናበረለት በቀላሉ ደረጃ ለሚጫወት እሷ ትበቃዋለች። «ዳንቴ መስት ዳይ» የሚባለው ከባድ ደረጃ ላይ ግን ያፈሰሰ ሰው ለመልቀም ጎንበስ ሳይል አልቆለታል።