ግራፊክ ኖታ ምንድን ነው?

አንድ ነጭ ወረቀት ነው። አግድምና ቁልቁል የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች ተበትነውበታል፤ ግማሾቹ እንደ ክር የቀጠኑ፣ ግማሾቹ እንደ ጡብ የወፈሩ። አምስቱ የኖታ መስመሮች የሉም። ፍጥነትን የሚናገር ቃልም ሆነ የመሣሪያ ስም አልተጻፈበትም። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ኧርል ብራውን ይህን ገጽ «ዲሴምበር 1952» ብሎ ሰየመው። ወረቀቱን በአራቱም ጎኖች እያዞሩ ማንበብ፣ በማንኛውም መሣሪያ መጫወት ይቻላል።

ግራፊክ ኖታ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፦ በተለመደው ኖታ ፋንታ፣ ወይም ከእሱ ጋር ተደባልቆ፣ በመስመር፣ በቅርጽ፣ በቀለምና በቁጥር የተጻፈ ሙዚቃ። ብዙ ሰው ሲያየው «ይኼማ እንዳሻህ ተጫወት ማለት ነው» ይላል። እኔ ከዚህ አባባል ጋር አልስማማም። ማንኛውም ኖታ አንዳንዱን ነገር ያስራል፣ አንዳንዱን ይፈታል። የተለመደው ኖታ የድምፁን ከፍታና ርዝመት አጥብቆ ያስራል፤ የድምፁን ቀለም (አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየውን ጠባይ)፣ የደጋኑን ክብደት፣ የትንፋሹን ግፊት ግን በአብዛኛው ለተጫዋቹ ይተዋል። ግራፊክ ኖታ ድንበሩን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል እንጂ አያፈርሰውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ገጽ ሲገጥመን ልንጠይቀው የሚገባው «ምን ያሳያል?» ብለን ሳይሆን «ምኑን አሰረ፣ ምኑን ፈታ?» ብለን ነው።

የአሜሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሞርተን ፌልድማንን «ፕሮጀክሽን 1» እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1950 ለአንድ ቼሎ፣ ማለትም በደጋን ለሚሳብ ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ፣ ብቻ የተጻፈ ነው። ገጹ ላይ በአግድም የተደረደሩ ሣጥኖች አሉ። እያንዳንዱ ሣጥን አራት ምት ይይዛል፤ ምቱም በደቂቃ 72 ገደማ ነው። ድርድሩ ሦስት እርከን አለው፦ አንዱ ክሩን በስሱ ነክቶ ለሚወጣ የፉጨት ዓይነት ድምፅ፣ አንዱ በጣት ለሚቆነጠር፣ አንዱ በደጋን ለሚሳብ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ምልክት ከላይ ከሆነ ቀጭን፣ ከመሐል ከሆነ መካከለኛ፣ ከታች ከሆነ ወፍራም ድምፅ ይወጣል። ልብ በሉ፤ ጊዜው ታስሯል፣ የድምፁ ቀለም ታስሯል፣ የተፈታው የትኛው ድምፅ እንደሆነ ነው። የተለመደው ኖታ በግልባጭ ማለት ይቻላል። ተጫዋቹ ከቀጭኖቹ ድምፆች የፈለገውን ይመርጣል፤ የሚመርጠው ግን ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ ነው።

ይሁንና ፌልድማን ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቅር ተሰኘ። ሊፈታ የፈለገው ድምፆቹን ነበር፤ የተፈቱት ግን ተጫዋቾቹም ጭምር ሆነው አገኛቸው። ሰው ምርጫ ሲሰጠው ጣቱ ወደ ለመደው ዜማ ይሄዳላ! ዋል አደር ብሎ ወደ አምስቱ መስመሮች ተመለሰ። ይህን የምጠቅሰው አሠራሩን ለመንቀፍ አይደለም። የጉዳዩ ከባድ ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው፦ ያልታሰረውን ቦታ የሚሞላው ማን ነው? ጆሮ ወይስ ልማድ?

ጥያቄው ከሁሉም በላይ የሚፈትነው እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ኮርኔሊየስ ካርዲው ከ1963 እስከ 1967 በሠራው «ትሪቲስ» ላይ ነው። 193 ገጽ ነው። ካርዲው የግራፊክ ዲዛይን ሙያም ስለነበረው የእጁ ጥራት ያስደንቃል፤ ክቦች፣ ቁጥሮች፣ የተጣመሙ የኖታ ምልክቶች፣ ጥቅጥቅ ያሉ ጥቁር ቅርጾች፣ በመሐላቸውም ሥራውን ከሞላ ጎደል ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ አንድ አግድም መስመር። አንድም የአጨዋወት መመሪያ አብሮት አልወጣም።

እንዲህ ያለ ገጽ ቫዮሊን፣ ክላሪኔትና ከበሮ የያዙ ሦስት ሰዎች ፊት ተቀምጧል እንበል። ከመስመሩ በላይ አንድ ትልቅ ክብ አለ፤ ትንንሽ ክቦች ይከተሉታል፤ ከዚያ መስመሩ ይቋረጥና ከጥቂት ባዶ ቦታ በኋላ ይቀጥላል። መጀመሪያ ሳይነጋገሩ ይጫወታሉ። ድምፁ ቶሎ ይጮኻል፤ ክላሪኔቱ የሚያውቃትን ዜማ ይደጋግማል፤ መስመሩ የት ላይ እንደተቋረጠ የሰማ የለም። ያቆሙና ይወያያሉ። መስመሩ ቫዮሊኗ በዝግታ የምትይዘው አንድ ረጅም ድምፅ ይሁን። ክብ ማለት በተነሣበት የሚያበቃ ድምፅ ነው፤ የክቡ ስፋት ርዝመቱን ይወስናል። ባዶው ቦታ ለሁሉም ዝምታ ነው። እንደገና ሲጀምሩ ከበሮ መቺው ትልቁ ክብ ላይ ሲደርስ አይመታም፤ መዳፉን በቆዳው ላይ እያሸ ከዝቅታ ተነሥቶ ያጎላዋል፣ መልሶም ወደ ተነሣበት ዝቅታ ያወርደዋል። ክላሪኔቱ ትንንሾቹን ክቦች በአጫጭር ትንፋሽ ይከተላል። መስመሩ ሲቋረጥ ያ ረጅም ድምፅ ድንገት ይጠፋል፤ እስካሁን መኖሩን ያላስተዋለ አድማጭ ሳይቀር መጥፋቱን ያውቃል። ገጹ አልተለወጠም። የተለወጠው ስምምነታቸው ነው፤ በቀጣዩ ገጽ ክብ ሲመጣም ያው ስምምነት ይጠብቃቸዋል።

መዋቅር ያለው ኢምፕሮቫይዜሽን፣ ማለትም ሕግ እየጠበቁ እዚያው በቅጽበት መፍጠር፣ የዚሁ ስምምነት ሌላ ገጽታ ነው። እዚህ የሚታሰረው ድምፁ ሳይሆን በሰዎቹ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። የሙዚቃ ደራሲው ክርስቲያን ዎልፍ በ1964 በጻፈው «ለ1፣ ለ2 ወይም ለ3 ሰዎች» ውስጥ አንዳንዶቹ ምልክቶች ጓደኛህን ካልሰማህ አይፈጸሙም፤ የእሱ ድምፅ ሲነሣ ተነሣ፣ እሱ ሲያቆም አቁም ይላሉ። አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ቡች ሞሪስ ከ1985 ጀምሮ «ኮንዳክሽን» ባለው ዘዴ ኖታ ያልያዘ ቡድንን በእጅ ምልክት ይመራ ነበር፦ ያዘው፣ ድገመው፣ አሁን የተጫወትከውን አስታውሰው፣ ኋላ እጠራዋለሁ።

እኔን ከሁሉም የሚስበኝ የአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ የጆን ዞርን «ኮብራ» ነው፤ የ1984 ሥራ። ሥራው አንድም ዜማ የለውም፤ ያለው የጨዋታ ሕግ ነው። ተጫዋች አፉን፣ አፍንጫውን ወይም ጆሮውን በመንካትና ጣቶቹን በማሳየት ምን ዓይነት ለውጥ እንደሚፈልግ ከፊት ለቆመው አስተናባሪ ያመለክታል። አስተናባሪው ጥያቄውን ከተቀበለ ባለቀለም ካርድ ያነሣል፤ ካርዱ ዝቅ ሲል ለውጡ ይሆናል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጫወቱ የሚል አለ፤ እየተጫወተ ያለው ይቁም፣ ዝም ያለው ይግባ የሚል አለ። በጣም የምወደው የማስታወሻው ካርድ ነው፦ በዚህ ቅጽበት የምትሠሩትን ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን። ከብዙ ውዥንብር በኋላ ያ ካርድ ዳግም ሲነሣ፣ ማንም ያልጻፈው ሙዚቃ ሁሉም በአንድነት የሚያውቀው ሆኖ ይመለሳል።

ወደ «ትሪቲስ» ልመለስ። ከገጾቹ ግርጌ ሁለት የኖታ መስመሮች፣ እያንዳንዳቸው ባለ አምስት፣ ባዶአቸውን ተሰምረዋል። ካርዲው ምንም አልጻፈባቸውም። ክላሪኔት የያዘው ሰው በሦስተኛው ልምምድ እርሳሱን አውጥቶ ለትንንሾቹ ክቦች የመረጣቸውን አራት ድምፆች እዚያ ላይ ሊያሰፍር ይችላል። ቫዮሊኗ ግን የእሷን ገጽ ባዶ ልትተወው ትችላለች፤ ያን አንድ ረጅም ድምፅ በየልምምዱ እንደ አዲስ ማግኘት ትፈልግ ይሆናልና።